የሮንድ መዋጮ፣ የማይበራው ፖልና የካሜራው ጉዳይ፦ ለሀዋሳዋ ጠያቂ

ጥያቄው፦ «ሀዋሳ ነው የምኖረው። ትንሽ ሱቅ አለችኝ፣ ማታ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ነው የምዘጋው። ከአስፋልቱ ወደ ቤቴ በሚያስገባው መንገድ ላይ የመብራት ፖል ተተክሏል፣ ከሰባቱ የሚበራው ግን አንድ ብቻ ነው። በዚህ ሰሞን በባጃጅ እየመጡ ስልክና ቦርሳ የሚነጥቁ በዝተዋል። ቀበሌው ስብሰባ ጠርቶ ለሮንድ በየወሩ 150 ብር፣ ለካሜራ መግዣ ደግሞ አንድ ጊዜ 2,000 ብር በየቤቱ አዋጡ አለን። ግብር እንከፍላለን አይደል እንዴ? መዋጮው ግዴታ ነው? መብራቱስ የማን ሥራ ነው? እሁድ ሌላ ስብሰባ አለ፣ ምን ብዬ ልናገር? ተከራይ ነኝ፣ የመናገር መብት አለኝ ወይ?»

እህቴ፣ ጥያቄሽ አንድ ይመስላል እንጂ ውስጡ ብዙ ነው። መልሱን በአጭሩ ላስቀድም። ለሮንዱ አቅምሽ ከፈቀደ ክፈይ፣ ያለ ደረሰኝ ግን አንድ ብር እንዳትሰጪ። ለካሜራው ገና ነው፣ አሁን አትክፈይ። መብራቱ የመዋጮ ጉዳይ አይደለም፣ የማዘጋጃ ቤት ሥራ ነው። እኔን ብትሰሙኝ የሰፈሩን ጉልበት በሙሉ እዚያ ላይ ታውሉት ነበር። በከተማ ፋይናንስና ዕቅድ ሥራ ላይ ለዓመታት ስለቆየሁ ነገር ይረዝምብኛል፣ ታገሺኝ።

«ግብር እንከፍላለን አይደል እንዴ?» የሚለው ስብሰባ ላይ ሁሌ ይነሳል። እውነትሽን ነው፣ ትከፍያለሽ። ግን አንቺ ከሱቅሽ የምትከፍዪው ግብርና የሰፈርሽ አምፖል የሚገዛበት ገንዘብ አንድ ኪስ ውስጥ አይደሉም። የከተማ አስተዳደር ሁለት ኪስ አለው። በአንደኛው ትምህርት፣ ጤና፣ ፖሊስና የመሳሰሉት ይተዳደራሉ። ይሄኛው የሚሞላው ከክልሉ በሚመጣ ድጎማና በግብር ነው። ከደመወዝ የሚቆረጠውም ከንግድ ትርፍ የሚሰበሰበውም ወደዚህ ነው የሚገባው። ሀዋሳ ከ2012 ጀምሮ የሲዳማ ክልል ዋና ከተማ ስለሆነች ድጎማው የሚመጣው በሲዳማ ክልል በኩል ነው። ከዚህ ኪስ የሚወጣው አብዛኛው ገንዘብ ደመወዝ ነው። የልጅሽ አስተማሪ፣ የጤና ጣቢያዋ ነርስ፣ መንገድ ላይ የምታዪው ፖሊስ ደመወዝ ነው። ደመወዝ ደግሞ አይቀነስም፣ ስለዚህ እዚያ ኪስ ውስጥ ለሌላ ነገር የሚተርፈው ትንሽ ነው።

ሁለተኛው የማዘጋጃ ቤቱ ኪስ ነው። የውስጥ ለውስጥ መንገድ፣ የጎርፍ ማፋሰሻ ቦይ፣ ደረቅ ቆሻሻ፣ ቄራ፣ እሳት አደጋ፣ የመንገድ መብራት፣ እነዚህ የሚሠሩት በዚህ ገንዘብ ነው። የሚገባው ከመሬት ሊዝ፣ ከቦታ ኪራይ፣ ከፈቃድ፣ ከገበያ ቦታና ከልዩ ልዩ የአገልግሎት ክፍያ ነው። ችግሩ የሊዝ ገቢ የማይታመን መሆኑ ነው። የጨረታ ገበያው በደራበት ዓመት ኪሱ ይሞላል፣ በቀዘቀዘበት ዓመት ባዶ ይሆናል። ባዶ ሲሆን መጀመሪያ የሚቆረጠው ጥገና ነው፣ ምክንያቱም ጥገና ቢቀር በዚያው ሳምንት የሚጮህ ሰው የለም። የተወካዮች ምክር ቤት በ2017 ጥር ወር የንብረት ታክስ አዋጅ አጽድቋል። ይሄ ታክስ በየከተማው ሲተገበር ሁለተኛው ኪስ ትንሽ አስተማማኝ ይሆናል ብዬ አስባለሁ። ቤት ያለው ሰው «ከፈልኩ፣ መንገዴ ለምን ጨለመ?» ብሎ ሲጠይቅም ጥያቄው ይጠነክራል።

አሁን ያንቺን ሰፈር እዚህ ውስጥ አስገቢው። ፖሊሱ ከአንደኛው ኪስ ነው። መብራቱ ከሁለተኛው ነው። ሮንዱስ? ከሁለቱም አይደለም። በሁለቱ መካከል የወደቀ ነገር ነው፣ ለዚህም ነው ሁልጊዜ ወደ ነዋሪው ኪስ የሚመጣው። ቀበሌው ክፉ ስለሆነ አይደለም። የቀበሌ ሊቀመንበር የፖሊስ ቁጥር መጨመር አይችልም፣ አምፖል የመግዛት በጀትም አብዛኛውን ጊዜ እጁ ላይ የለም። በእጁ ያለው መሣሪያ ስብሰባ መጥራት ብቻ ነው። ስለዚህ ይጠራል።

ወደ መብራቱ ልምጣ፣ ምክንያቱም ዋናው ጨዋታ እዚህ ነው።

በደብዳቤሽ ውስጥ ያለው ትልቁ መረጃ «ፖል ተተክሏል» የሚለው ነው። ይሄ ማለት ውዱ ሥራ አልቋል። ፖል፣ ኬብልና ቁፋሮ የካፒታል ወጪ ነው፣ ለካፒታል ሥራ ደግሞ ገንዘብ የሚመጣበት መንገድ ብዙ ነው። ከ2010 ጀምሮ 117 ከተሞችን ያቀፈው፣ የዓለም ባንክ ያገዘው የከተሞች ተቋማዊና መሠረተ ልማት ፕሮግራም ብዙ ኮብልስቶን፣ ቦይና መንገድ አሠርቷል፣ ሀዋሳም አለችበት። የኮሪደር ልማቱም ዋና ዋና መንገዶችን አብርቷል። አምፖል መቀየር ግን መደበኛ፣ ማለትም በየጊዜው የሚደጋገም፣ ወጪ ነው። ለአምፖል ሪባን የሚቆርጥ ባለሥልጣን አይተሽ ታውቂያለሽ? እኔ አላየሁም። ፖል ሲተከል ፎቶ ይነሳል፣ ፖሉ ከጠፋ በኋላ የጥገናው ገንዘብ የማን መስመር ላይ እንዳለ ለማወቅ ግን ሦስት ቢሮ መዞር ያስፈልጋል። የከተሞቻችን ሰላም የሚበላሸው ባብዛኛው እዚህ ጋ ነው ባይ ነኝ፤ ከግዢው ላይ ሳይሆን ከማስኬጃው።

አንድ ነገር አድርጊ። ነገ ማታ ሱቅሽን ስትዘጊ ፖሎቹን በደንብ እያቸው፣ ብቻሽን ግን አትሂጂ። አንዱ ጠፍቶ አንዱ የሚበራ ከሆነ ችግሩ አምፖሉ ወይም ባላስቱ፣ ማለትም ለአምፖሉ የሚሄደውን ኤሌክትሪክ የሚመጥነው ዕቃ፣ ነው። ተከታታይ ፖሎች በአንድ ጊዜ፣ በአንድ ቀን ከጠፉ ኬብሉ፣ ብሬከሩ ወይም መስመሩን የሚመግበው ቆጣሪ ነው። ሰባቱም በቀን እየበሩ ማታ ከጠፉ፣ ይሄም አለ እንዳይገርምሽ፣ ጨለማና ብርሃን ለይቶ የሚያበራውና የሚያጠፋው ትንሽ መሣሪያ ተበላሽቷል። መብራቱ እየበራ መንገዱ ጨለማ ከሆነ ደግሞ ቀና ብለሽ ዛፉን እዪ። ሀዋሳ ዛፍ የሞላባት ከተማ ናት፣ ደስ ይላል፣ ግን አምፖሉን የዋጠ ቅርንጫፍ በመጋዝ ይፈታል እንጂ በበጀት አይደለም። ይሄን ለይተሽ ስትሄጂ ሰውዬው «እናጣራለን» ብሎ ሊሸኝሽ ይቸግረዋል። የአምፖሉን ሥራ የሚሠራው የማዘጋጃ ቤቱ ነው፣ የቆጣሪና የመስመሩ ጉዳይ ወደ መብራት ኃይል ሊሄድ ይችላል፣ ሁለቱ ቢሮዎች ደግሞ አንዱ ወደ ሌላው መግፋት ይወዳሉ።

ሌላው የተደበቀው ነገር የፍጆታ ሂሳቡ ነው። የመንገድ መብራት በነፃ አይበራም፣ ከተማው ይከፍላል። ሀዋሳ ከምድር ወገብ ብዙ ስለማትርቅ ሌሊቱ ክረምት ከበጋ 12 ሰዓት ገደማ ነው። የቆየው ብጫ ብርሃን የሚሰጠው 250 ዋት አምፖል ባላስቱን ሳንቆጥር በአንድ ሌሊት 3 ኪሎዋት ሰዓት ይበላል፣ በወር 90። የሰፈርሽ ሰባት ፖል ቢበራ በወር 630 ኪሎዋት ሰዓት ማለት ነው። 100 ዋት ኤልኢዲ ቢገባበት ይሄው ሰባት ፖል 252 ይሆናል። የኤሌክትሪክ ታሪፍ ደግሞ ከ2017 መስከረም ጀምሮ በየሦስት ወሩ እየተስተካከለ ለአራት ዓመት እንዲጨምር ተወስኗል። የማዘጋጃ ቤቱ የመብራት በጀት ግን ባለፈው ዓመት ላይ ትንሽ ፐርሰንት እየተጨመረ የሚሠራ ከሆነ ሂሳቡ አይገጥምም። በማይገጥምበት ጊዜ ምን ይደረጋል? የተቃጠለው አምፖል ሳይቀየር ይቆያል። ማንም «አጥፉ» ብሎ አይወስንም፣ ዝም ብሎ ይጠፋል። ስለዚህ ስትጠይቂ «አምፖል ቀይሩልን» ብቻ አትበይ፣ «በኤልኢዲ ቀይሩልን፣ ፍጆታው ከግማሽ በታች ይወርዳል» በይ። የፋይናንስ ሰው ጆሮ የሚቆመው እዚህ ላይ ነው።

ስብሰባው ላይ አንዱ ተነስቶ «ሶላር እንትከል፣ ቆጣሪም ሂሳብም የለውም» ማለቱ አይቀርም። ጥሩ ሐሳብ ነው፣ ግን ባትሪ አለው። ባትሪ ያረጃል፣ ርካሹ ደግሞ ቶሎ ያረጃል። የባትሪ መቀየሪያ ገንዘብ ከአሁኑ ካልተያዘ ከጥቂት ዓመት በኋላ የማይበራ ፖል ሌላ የማይበራ ፖል ወለደ ማለት ነው።

መብራት በእርግጥ ወንጀል ይቀንሳል ወይ ብትዪኝ፣ ከስሜት ባለፈ የተጠና ነገር አለ። ኒው ዮርክ በ2016 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በሕዝብ መኖሪያ ሰፈሮች ላይ በዕጣ እየለዩ መብራት ተክለው ነበር። መብራት በገባባቸው ሰፈሮች ማታ ከቤት ውጪ የሚፈጸም ከባድ ወንጀል በ36 በመቶ ቀንሶ ተገኘ። ሀዋሳ ኒው ዮርክ አይደለችም፣ ቁጥሩን እንዳለ አምጥቼ እዚህ አልለጥፈውም። ግን አቅጣጫው ግልጽ ነው። ካሜራ ላይ የ40 ዓመት ጥናቶችን አንድ ላይ ያዩ ተመራማሪዎች ደግሞ በጠቅላላው ወደ 13 በመቶ ቅናሽ አገኙ። ውጤቱ ጎላ ያለው መኪና ማቆሚያ ላይ ነው፣ በአመፅ ወንጀል ላይ ግን ይሄ ነው የሚባል ለውጥ አልታየም። በተጨማሪ፣ ካሜራው የሚሠራው ሰው ተቀምጦ ሲያየው ነው።

ይሄ የመጨረሻው ነጥብ ለካሜራው ያለኝን መልስ ይሰጥሻል። 2,000 ብር መግዣው ነው። ማስኬጃውስ? ካሜራ መብራት ይፈልጋል፣ መብራት ሲሄድ ባትሪ ይፈልጋል፣ ቀረጻ ማከማቻ ይፈልጋል፣ በርቀት የሚታይ ከሆነ ኢንተርኔት ይፈልጋል። ከሁሉም በላይ የሚያይ ሰው ይፈልጋል። ሳምንት 168 ሰዓት ነው። የመንግሥት ሠራተኛ በሳምንት 39 ሰዓት ይሠራል። አንዲት ወንበር ቀንና ሌሊት ሰው ሳይለያት እንድትቆይ አራት ሰው አይበቃም፣ የዓመት ፈቃድና ሕመም ሲታሰብ ቢያንስ አምስት ሰው መቀጠር አለበት። ይሄ ደመወዝ ከየት ነው? ስብሰባው ላይ ይሄን የተናገረ ሰው ነበር? ካልነበረ የምትገዙት ካሜራ ሌባው ካመለጠ በኋላ ጭንቅላቱን ከላይ የሚያሳይ ቪዲዮ ነው። በጨለማ መንገድ ላይ ደግሞ እሱንም በደንብ አያሳይም፤ ርካሽ ካሜራ ማታ የሚያሳየው ጥላ ነው። መብራት ሳይኖር ካሜራ መግዛት ትርጉም የለውም፣ ቅደም ተከተሉ ተገልብጧል።

የቀረጻውም ነገር አለ። በ2016 የወጣ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ አለን፣ ቁጥሩ 1321 ነው። የሰው ፊትና መውጫ መግቢያ የሚቀርጽ ሰው ለምን ዓላማ እንደሚቀርጽ፣ ማን እንደሚያየው፣ ለስንት ጊዜ እንደሚያስቀምጠው መመለስ አለበት። ቀረጻው የሚጠራቀምበት ኮምፒውተር የኮሚቴው ሰብሳቢ ሳሎን ውስጥ ከሆነ፣ ማን ከማን ጋር ገባ ወጣ የሚለው ወሬ መቼም ሰፈር ውስጥ ለብቻው ይዞራል። ሳቂ፣ ግን እውነት ነው። «ለካሜራው ለምን አልከፈልሽም?» ሲሉሽ «የሚያየው ሰው ደመወዝና የቀረጻው ኃላፊ በቃለ ጉባኤ ይስፈር፣ ያን ጊዜ እከፍላለሁ» በይ። እምቢ አላልሽም፣ አዘገየሽ።

ሮንዱን እደግፋለሁ። ሰው መንገድ ላይ መኖሩ ራሱ ሌባን ያሳስባል፣ ብዙ ሰፈሮች ላይም ሠርቷል። ግን አራት ነገር ካልተስተካከለ ገንዘቡ ይባክናል፣ ባስ ሲልም ሮንዱ ራሱ ችግር ይሆናል።

መጀመሪያ ግዴታ ነው ወይ ላልሽው። ግብርና ክፍያ የሚጣለው በሕግ ነው፣ ቀበሌ ተሰብስቦ ሕግ አያወጣም። መዋጮ መዋጮ ነው፣ በፈቃድ የሚሰጥ። አልከፈልሽም ተብሎ የመታወቂያ እድሳት ወይም የድጋፍ ደብዳቤ ቢከለክሉሽ ያ የአስተዳደር በደል ነው፣ ወደ ክፍለ ከተማው ከዚያም ወደ እንባ ጠባቂ ተቋም የሚያስኬድ ቅሬታ ነው። ይሄን ስል ግን «እምቢ በይ» እያልኩሽ አይደለም። ጎረቤት ሁሉ ከፍሎ አንቺ ብትቀሪ ሕጉ ካንቺ ጋር ሊሆን ይችላል፣ ሰፈሩ ግን አይሆንም።

ሁለተኛ ደረሰኝ። ገንዘቡን የሚሰበስበው ቀበሌው ከሆነ በመንግሥት የገቢ ደረሰኝ፣ ሞዴል 64 ላይ መቆረጥ አለበት። ነዋሪው ራሱ ያቋቋመው ኮሚቴ ከሆነ ደግሞ በሦስት ሰው ፊርማ የሚንቀሳቀስ የባንክ ሒሳብ ይከፈት፣ በየወሩ ገቢና ወጪው ቀበሌው ሰሌዳ ላይና በሰፈሩ የቴሌግራም ግሩፕ ይለጠፍ። በእጅ ተሰብስቦ በደብተር የሚጻፍ መዋጮ፣ ሰብሳቢው መልአክ ቢሆን እንኳ፣ ዓመት ሳይሞላ ሐሜት ይወልዳል።

ሦስተኛ መጠኑ። 150 ብር በየቤቱ ሲባል እኩል ይመስላል፣ ፍትሐዊ ግን አይደለም። አንድ ክፍል የተከራየች እንጀራ ጋጋሪና መንገዱ ላይ ጭፈራ ቤት ያለው ሰው እኩል 150 መክፈላቸው ለእኔ አይዋጥልኝም። ከሮንዱ የበለጠ የሚጠቀመው ንብረት ያለው ነው፣ ማታ ደንበኛ የሚያስገባው ነው። መኖሪያ ቤት፣ ሱቅ፣ ትልቅ ድርጅት ተብሎ በሦስት እርከን ይከፈል፣ መክፈል የማይችል ቤት ደግሞ በዕድሩ በኩል ተለይቶ ነፃ ይሁን። ዕድሩ ማን እንደቸገረው ከቀበሌው በላይ ያውቃል። አንቺ ባለ ሱቅ ስለሆንሽ ይሄ እርከን ድርሻሽን ከፍ ሊያደርገው ይችላል፣ አስቀድሜ ልንገርሽ።

አራተኛ የሥልጣን ወሰን። ሮንድ ፖሊስ አይደለም። ሲነጥቅ እጅ ከፍንጅ የተያዘን ሌባ ማንም ሰው ሊይዘው ይችላል፣ ግን ወዲያው ለፖሊስ ማስረከብ ነው እንጂ ደብድቦ፣ አስሮ፣ «ትምህርት ሰጥቶ» መልቀቅ የለም። መታወቂያ እየጠየቁ የሚያልፈውን ወጣት ሁሉ ማስቆምም የለም። የሮንዶቹ ስም፣ ተረኝነትና ስልክ ለአካባቢው የፖሊስ ጣቢያ በጽሑፍ ይሰጥ፣ ፖሊስም ሐላፊ አንድ ሰው ይመድብላቸው። ይሄ ከሌለ አንድ ቀን አንድ ልጅ ያለ ጥፋቱ ይጎዳል፣ ተጠያቂው ደግሞ ደመወዙን የከፈላችሁት እናንተው ትሆናላችሁ።

መሃል ላይ አንድ ነገር ልጨምር፣ ብር ስለማይጠይቅ ነው። ነጣቂዎቹ በባጃጅ ነው የሚመጡት ብለሻል። የባጃጅ የጎን ቁጥር ከፊት፣ ከኋላና ከጎን ጎላ ብሎ በሚያንጸባርቅ ቀለም እንዲጻፍ፣ የተጋረደ ቁጥር ያለው ባጃጅ ማታ እንዳይሠራ ከማህበራቱ ጋር መስማማት ይቻላል። ትራፊክ ፖሊስ፣ ማህበራቱና ቀበሌው አንድ ጠረጴዛ ላይ ከተቀመጡ ወጪው ቀለም ብቻ ነው። ከካሜራው ይልቅ ይሄ ውጤት ያመጣል ባይ ነኝ።

ሌላም ልበል፣ ከጥያቄሽ ትንሽ ወጣ ይላል። ደኅንነት ሲባል ሁላችንም ሌባ ብቻ ነው የሚታየን። በ2017 ጥቅምት መርካቶ ሸማ ተራ ሲቃጠል የአደጋ መኪናዎቹን ካስቸገሩት አንዱ የመንገዱ መጣበብ ነበር። ያንቺ ሰፈር መንገድ ላይ ስንት ሱቅ ዕቃውን መንገድ ላይ ያወጣል? እሳት አደጋ መኪና ይገባል? እሁድ ይሄንንም ብታነሺው ማንንም አትከሺም፣ ባለ ሱቅ ስለሆንሽ ደግሞ ያምርብሻል። መጀመሪያ ግን ያንቺን ዕቃ አስገቢ።

ወደ ገንዘቡ ልመለስ፣ ምክንያቱም ጊዜ ወሳኝ ነው። የበጀት ዓመት ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 ነው። ሰው አቤቱታውን ይዞ የሚሄደው ሲመረው ነው፣ ወይም ሰኔ ላይ «በጀት አለ» ሲባል። ሰኔ ላይ በጀት አለ፣ እውነት ነው፣ ያልተሠራበት ገንዘብ ተመላሽ እንዳይሆን በጥድፊያ የሚወጣው። በዚያ ጥድፊያ የሚገዛው ግን ፕሮፎርማ ቶሎ የሚሰበሰብለት ነገር ነው፣ ወንበር፣ ወረቀት፣ ጎማ። የሰፈርሽ አምፖል እዚያ ውስጥ የሚገባው አስቀድሞ በዝርዝር ተጽፎ የቆየ ከሆነ ብቻ ነው። የሚቀጥለው ዓመት ዕቅድ የሚበስለው ከጥር እስከ ሚያዝያ ባለው ጊዜ ነው። በዚህ ጊዜ ጽሕፈት ቤቶቹ ጥያቄ ያሰባስባሉ፣ የበጀት ጣሪያ ይነገራቸዋል፣ ከጣሪያው በላይ ያለውን ይቆርጣሉ፣ ከዚያ ወደ ከተማው ምክር ቤት ይሄዳል። ምክር ቤቱ ሲያጸድቅ ያየሽው ስብሰባ መጨረሻው ነው፣ እዚያ የሚለወጥ ነገር ትንሽ ነው። የካፒታል ሥራ ከሆነ ደግሞ የሦስት ዓመት ተንከባላይ ዕቅድ አለ፣ ቢሮ ውስጥ ሲአይፒ ይሉታል፣ ነዋሪው ሊመክርበት ይገባል የሚባለውም እሱ ነው።

ስለዚህ መንገዱ ሁለት ነው፣ ሁለቱንም በአንድ ጊዜ ሂዱበት። ለአሁኑ፣ ለዘንድሮ የጥገና በጀት አጭር ደብዳቤ ጻፉ። ለከርሞ ደግሞ የመብራት ጥገና በሰፈር ተዘርዝሮ ዕቅድ ውስጥ እንዲገባ ጠይቁ። ደብዳቤው አንድ ገጽ ይብቃው። የፖሎቹ ቁጥር፣ ካልተቀባባቸው በቅርብ ያለው ቤት ቁጥር፣ ከመቼ ጀምሮ እንደጠፉ፣ ማታ የተነሳ ፎቶ፣ የአባወራና የእማወራ ፊርማ። ስለ መንግሥትና ስለ ሕዝብ አደራ ረጅም መግቢያ አያስፈልግም፣ ማንም አያነበውም። ዋናውን በመዝገብ ቤት አስገብታችሁ ቅጂው ላይ ማኅተምና የገቢ ቁጥር አስመቱ። ቁጥር የሌለው ደብዳቤ አልደረሰም ማለት ነው፣ ይሄን ከመዝገብ ቤት ወንበር ማዶ ሆኜ አይቸዋለሁ።

ከደብዳቤው ጋር መረጃም ጠይቁ። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ መሆን አለበት ይላል፣ የመረጃ ነፃነት አዋጅ ቁጥር 590/2000 ደግሞ ከመንግሥት ቢሮ መረጃ የመጠየቅ መብት ሰጥቶሻል፣ ቢሮው በ30 ቀን ውስጥ መመለስ አለበት። ምን ትጠይቂ? «በጀታችሁ ስንት ነው?» አትበይ፣ አንድ ክፍል የሚሞላ ወረቀት ይሰጡሽና ትደክሚያለሽ። ሦስት ነገር ብቻ ጠይቂ። ዘንድሮ ለመንገድ መብራት ጥገና ስንት ተያዘ? እስካሁን ስንቱ ወጣ? ስንት አምፖል በሞዴል 22 ከመጋዘን ወጥቶ ወደ የትኞቹ ሰፈሮች ሄደ? ሦስተኛዋ ጥያቄ ትንሽ ትመስላለች፣ ግን ዕቃ ከመጋዘን ሲወጣ የሚፈረምበት ወረቀት ስለሆነ በወሬ አትሸፈንም። ያንቺ ሰፈር ስም እዚያ ላይ ከሌለ መልሱን አገኘሽ። ወይም ስሙ አለ፣ አምፖሉ የለም። ያኔ ጉዳዩ ሌላ ነው፣ ወደ ኦዲት ይሄዳል።

ለማን ይሰጥ? ደብዳቤው ለማዘጋጃ ቤቱ ይሁን፣ ግልባጩ ለክፍለ ከተማው፣ ለከተማው ምክር ቤት የሰፈራችሁ ተወካይና ለቀበሌው። ለቀበሌው ግልባጭ መስጠት እንዳትረሱ። ሊቀመንበሩ ከኋላው የተሄደ ከመሰለው ያደናቅፋችኋል፣ አብሮ ከሄደ ግን ሰነዱን ይዞ ክፍለ ከተማ ላይ የሚሟገትላችሁ እሱ ነው። እኔ ካየኋቸው ቶሎ የተሠራላቸው ሰፈሮች ሁሉ ቀበሌው ከፊት የነበረባቸው ናቸው።

እሁድ ምን ትበዪ? እጅሽን ቀድመሽ አውጪ፣ ስብሰባው ሲሞቅ ማንም ማንንም አይሰማም። እንዲህ በይ፦ «ለሮንዱ በደረሰኝ እንከፍላለን፣ መጠኑ በአቅም ይሁን። የካሜራው ውሳኔ የሚያየው ሰውና የቀረጻው ኃላፊ እስኪታወቅ ይቆይ። የሰባቱ ፖል ዝርዝር ይኸው፣ ዛሬ እንፈርምና ሰኞ ሦስታችን ይዘን እንሂድ።» ከዚያ ቁጭ በይ። ሦስቱ እነማን እንደሆኑ እዚያው በስም ይመረጡ፣ ቃለ ጉባኤ ላይ ይስፈር፣ ቅጂውን በስልክሽ ፎቶ አንሺ። አንዱ ሰው የመብራት ሥራ የሚገባው ኤሌክትሪሺያን ቢሆን ጥሩ ነው፣ ሰፈር ውስጥ አይጠፋም። አንደኛዋ ሴት ትሁን፣ ጨለማውን ከወንዶቹ በላይ የምታውቁት እናንተ ናችሁ።

ተከራይ ነሽ ወይ አይደለሽም የሚለው ለውጥ የለውም። የቀበሌው መታወቂያ ካለሽ ነዋሪ ነሽ፣ ትናገሪያለሽ፣ ትመርጫለሽ፣ ትመረጫለሽ። መታወቂያሽ የሌላ ቀበሌ ከሆነ ግን ከእሁድ በፊት መሸኛሽን አምጥተሽ ዝውውሩን ጨርሺ፣ ምክንያቱም መናገር ስትጀምሪ መጀመሪያ የሚጠይቁሽ እሱን ነው። ቤቱን ያከራየሽ ሰውም ቢመጣ ደስ ይለኛል። ፖሎቹ ቢበሩ የሚጨምረው የእሱ ቤት ዋጋ ነው፣ ለሮንዱም ከአንቺ በላይ ሊከፍል የሚገባው እሱ ነው።